ወተት ለመድን አይሠራም

ልጄ ጡት ስትጠባ ያልባት ነበር። ሌላው ሕፃን ጠብቶ ጠብቶ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ የእኔዋ ግን ጥቂት ትስብና እንስራ ተሸክማ ዳገት እንደ ወጣች ሴት ግንባሯ በላብ ይርሳል። ትንሽ ታርፋለች፣ እንደገና ትስባለች፣ ከዚያ ፊቷን ታዞራለች። ጡቴ ግማሽ እንኳን አልጎደለም። የመጀመሪያ ልጄ ስለሆነች ጠባይዋ መሰለኝ። «እናት ዓይናፋር፣ ልጅ ኩሩ!» እያልኩ እስቅባት ነበር። ልቧ ላይ ቀዳዳ እንዳለ፣ መጥባት ራሱ ለእሷ የጉልበት ሥራ እንደሆነ ሐኪም የነገረኝ ኋላ ነው።

የተረፈው ወተት ግን ባክኖ አልቀረም።

ያን ጊዜ ካርቱም፣ ካፉሪ ውስጥ፣ ጡረታ በወጡ አንዲት አስተማሪ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ሰው ሁሉ ሐጃ ይላቸዋል፤ እኔም ሐጃ ነው የምላቸው። እርጉዝ እያለሁ ባሌ በበረሃው አድርጎ ወደ ሊቢያ ሄደ። ደርሻለሁ ብሎ አንድ ጊዜ ደወለ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። ሌላ ቤት ብሆን ኖሮ ሆዴ ሲገፋ ያሰናብቱኝ ነበር። ሐጃ ግን ክፍሌ ውስጥ ሰፋ ያለ አልጋ አስገቡና «እዚሁ ትወልጃለሽ» አሉኝ። ሐጃ ሰው አያማክሩም፤ ይነግራሉ። ስንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ ሰው ሌላ አነጋገር ከየት ያመጣል?

ከባሏ ተለያይታ እናቷ ቤት የተመለሰችው ሴት ልጃቸውም ከእኔ ትንሽ ቆይታ ወንድ ልጅ ወለደች። ወዲያው ትኩሳት ያዛትና ወተቷ ደረቀ። ልጁ ጡጦ ሲሰጡት እየተፋ ቤቱን በለቅሶ አናወጠው። አንድ ቀን ጠዋት ልጄ እንደ ልማዷ ፊቷን አዙራብኝ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ሐጃ መጡና ልጁን ሌላኛው ጭኔ ላይ አስቀመጡት።

«ያንቺዋ የተወችውን እሱ ይጨርስ» አሉኝ።

ጨረሰ። በማግስቱም ጨረሰ። ጡት እስኪተው ድረስ ሲጨርስ ኖረ። በሃይማኖታችን አንድ ጡት የጠቡ ልጆች እኅትና ወንድም ናቸው፤ እኔ በመጣሁበት በወሎም የጡት ልጅ ማለት ትልቅ ነገር ነው። ልጁ አፉን ሲፈታ እናቱን «ማማ» አላት፤ እኔን ደግሞ የሱዳን ልጆች እናታቸውን እንደሚጠሩት «ዩማ» አለኝ። ማንም አላረመውም።

አምስት ዓመት ሲሆናቸው ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ አንድ ቤት የሚበሉ አይመስሉም ነበር። እሱ ጉንጩ ዓይኑን ሊሸፍን ደርሷል። የእኔዋ አንገቷ እንደ ክር ነው፤ ግቢውን አንድ ጊዜ ከሮጠች ቁጢጥ ብላ በአፏ ትተነፍሳለች፤ ብርድ በመጣ ቁጥር ሳንባዋን ይይዛታል። ጎረቤት ሴቶች ልጁን ጉንጩን ቆንጥጠው «ሐጃ፣ ይኼን ምን እያበላችሁት ነው?» ሲሉ ሐጃ አይስቁም። «የእኅቱን ድርሻ» ይላሉ።

ሰው ካፉሪ ትልቅ ቤት ያለውን ሁሉ ሀብታም ያደርገዋል። ቤቱ ትልቅ ነበር፤ ባለቤታቸው በደህና ጊዜ የሠሩት ነው። ውስጡ የቀረው ግን የሐጃ ጡረታና የእጃቸው የወርቅ አምባር ነበር። ልጄ ሳንባዋን ታማ ሆስፒታል በተኛች ቁጥር አንድ አምባር ይጠፋል። ድሮ አምባሮቹ እየተንኳኩ ስለሚመጡ ሐጃ ኮሪደሩ ላይ ሳሉ እሰማና ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ መጥረጊያ እይዝ ነበር። አምባሮቹ እያነሱ ሲሄዱ ድምፁም አነሰና ቁጭ ብዬ ይይዙኝ ጀመር። «ወርቁን የሸጥኩት አንቺን ለመያዝ ነው» ብለው ይቀልዳሉ።

የልብ ሐኪሙ ያን ዓመት ቁርጡን ነገረን። ቀዳዳው ትምህርት ቤት ከመግባቷ በፊት በኦፕራሲዮን መዘጋት አለበት፤ ከቆየ ሳንባዋ ይጎዳና ያኔ ኦፕራሲዮኑም አይጠቅማትም። ከዚያ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ እያንከባለለ «ታሚን አላት?» አለ። ታሚን የምንለው የጤና መድኑን ነው። ካርድ ያለው ሰው ጥቂት ከፍሎ ወረፋ ይገባል። የሌለው ሙሉውን ይከፍላል፤ ሙሉውን ደግሞ የሐጃ ክንድ እስከ ትከሻቸው ወርቅ ቢሆን እንኳ አይሸፍነውም።

«እኔ አለኝ» አሉ ሐጃ። «ለጡረተኛ የሚሰጠው አለኝ። ልጄም የልጅ ልጄም በእኔ ካርድ ነው የሚታከሙት። እሷንም አስጽፋታለሁ።»

ሐኪሙ ሊጠይቅ አፉን ከፈተና ሐጃን አይቶ ዘጋው።

በማግስቱ ሁለቱንም ልጆች ይዘን ከካፉሪ በሚኒባስ ወደ መድን ቢሮው ሄድን። ሐጃ የሱዳን ሴቶች የሚጠመጠሙትን ነጭ ቶባቸውን ለብሰዋል። ልጁ ለምን እንደሚመጣ ስጠይቃቸው «ማስረጃ ነው» አሉኝ። መስኮቱ ጋ ረጅም ሰልፍ ነበር፤ አናታችን ላይ የምትዞረው ማራገቢያ ሙቀቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ከማካፈል በቀር ሥራ አልነበራትም። ተራችን ሲደርስ እኔ ከሐጃ ኋላ ገባሁ። እሳቸው ሰፊ ስለሆኑ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ይመቻሉ።

ከመስኮቱ ኋላ የተቀመጠው ጸሐፊ ወጣት ነው። ልጄን አየና «ይህቺ የማን ልጅ ናት?» አለ።

«የሷ» አሉ ሐጃ፤ ወደ ኋላቸው እየጠቆሙ። እኔን ለማየት ጸሐፊው አንገቱን አስረዘመ።

«እርስዎስ ምኗ ነዎት?»

«የልጅ ልጄ የጡት እኅት ናት።»

ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ። «ሐጃ፣ የጡት ዝምድና እኮ ለጋብቻ ነው።»

«ሠርግ ልጠራህ የመጣሁ መሰለህ?»

«ማለቴ መጋባት አይችሉም፤ ሕጉ እዚያ ላይ ያበቃል። የጡት ዘመድ አይወርስም፣ ቀለብም አይቆረጥለትም። ስለዚህ በእርስዎ ካርድ አይታከምም።»

ሐጃ ሁለት እጃቸውን መስኮቱ ላይ አሳረፉ። ያን አቋቋም አውቀዋለሁ፤ ተማሪ የተሳሳተ መልስ ሲሰጥ የሚቆሙት ነው።

«ቆይ፣ አንድ በአንድ እንሂድ። ነገ ሲያድጉ ይህቺ የልጅ ልጄን ላግባው ብትል ምን ትሏታላችሁ?»

«ሐራም ነው፣ ወንድምሽ ነው እንላታለን።»

«ጎበዝ። ዛሬ ልቧን ስትታመምስ?»

ጸሐፊው ብዕሩን መልሶ አነሣ።

«ዛሬ ወንድሟ አይደለም! እንግዲህ ይህቺ ልጅ ከዚህ ሁሉ ወተት ያተረፈችው አንድ ባል ማጣት ብቻ ነው ማለት ነው።»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ካርቱም ውስጥ ሰልፍ ማለት ሸንጎ ነው፤ ሁሉም ገባበት። አንዲት ሴት ሐጃ እውነታቸውን ነው አለች። ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ ደግሞ ከኋላ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አንድ ሁለቴ መጥባት እኮ ዝምድና አያመጣም፤ በቁጥር ነው። ለመሆኑ ስንት ጊዜ ጠባ?» አሉ።

«ስንት ጊዜ?» ሐጃ ልጁን ከብብቱ አንሥተው መስኮቱ ላይ ዘፍ አደረጉት። «እስቲ እየው!»

ሽማግሌው ልጁን ከላይ እስከ ታች አዩትና «ወላሂ፣ ይበቃል» አሉ።

ሳቁ ሲበርድ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ ለሐጃ ምክር ሰጣቸው። ልጅቷን «ወላጅ የሌላት፣ እኔ የማሳድጋት ናት» ብለው ቢያስጽፉ ነገሩ ያልቃል አላቸው። ሐጃ ሰውየውን አዩት፤ ከዚያ ዞር ብለው እኔን አዩኝ። «እናቷ እዚህ ቆማ? ትተነፍሳለች እኮ! ሐጅ ሄጄ የመጣሁት መስኮት ላይ ልዋሽ አይደለም።»

ጸሐፊው ክፉ ሰው አልነበረም። ላቡን ጠረገና በሐጃ ትከሻ በኩል «አንቺስ፣ ሥራሽ ምንድነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በአገሩ ስኖር ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ለእኔ ሲናገር የመጀመሪያው ነው። «የቤት» አልኩ። አልሰማም። ደገምኩት። ሐጃ «የቤት ትልሃለች» አሉት።

«የቤት ሠራተኛ ማኅበር የላትም» አለ። «ሻይ ሻጮቹ ግን ማኅበር አላቸው። በማኅበር መጥተው ይመዘገባሉ፣ ኢቃማ ያላት የውጭ አገር ሴትም ትመዘገባለች። ልጅ ደግሞ በእናት ካርድ ይገባል፤ ያኔ ወተት አያስፈልግም።»

የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ ማለት ነው፣ በሐጃ ስም የወጣ ነበር። ካፉሪ ወርደን በሩ ላይ ስንደርስ ሐጃ ነገሩኝ።

«ሻይ ሻጭ ነሽ።»

ይኼ ነገር ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀኝ ብቻ ነው የሚረዳው። ሱቅ ስላክ ሰው እስኪወጣ ውጭ እጠብቅ ነበር። ሰው ካልወጣ ያለ ጨው እመለሳለሁ። ሐጃም «ጨው የለም አለሽ ወይስ አልጠየቅሽውም?» ይሉኛል። አገር ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ስማር አስተማሪው ስሜን ሲጠራ «አቤት» የምትለው አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ነበረች። ሻይ መሸጥ ደግሞ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ የማያውቁትን ወንድ «ና ጠጣ» ማለት ነው። ያን ቀን የልጄን ገላ ሳጥብ ደረቷ ላይ ጆሮዬን አኖርኩ። ልቧ አንድ ቃል ደጋግሞ እንደሚጨቃጨቅ ሰው ይንሾካሾካል። በማግስቱ ሐበሻ ወደሚበዛበት ሰፈር፣ ወደ ሳጃና ሄድኩ።

ሳጃና የምትኖር አንዲት ጎንደሬ ወዳጅ ነበረችኝ፤ ከመተማ አብረን ነው የተሻገርነው። ሱቅ ዐረቢ በሚባለው ትልቅ ገበያ ውስጥ ሻይ ትሸጣለች፤ ማኅበሩ የዚያን መደዳ ሴቶች እንድታስተባብር አድርጓት ነበር። ነገሩን ስነግራት አንገቷ ላይ የተነቀሰው መስቀል እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

«አንቺ? ሻይ? ሰውየው ስንት ስኳር ቢልሽ ልትሸሺ ነው?»

«አልሸሽም።»

«ምን አልሽ?»

«አልሸሽም አልኩ።»

«አይ እንግዲህ፣ ለኔም በሹክሹክታ!» አለች። ከዚያ ልጄን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሳቋን አቆመች። «ስሚኝ፣ ስም አስጽፎ መቀመጥ ብቻ አይበቃም። በስም ብቻ እየገቡ ስላስቸገሩ ማኅበሩ ተቆጣጣሪ ይልካል። ማን እንደሆነ ሳይናገር ይመጣል፣ ቁጭ ይላል፣ ሰው ይጠይቃል። ደንበኛ የሌላትን ሻይ ሻጭ አያጸድቅም። ተቆጣጣሪው ሳይመጣ ደንበኛ አብጂ።»

ከመደዳው ጫፍ፣ ከአንድ ጫማ ሰፊ አጠገብ፣ ከኒም ዛፍ ሥር ቦታ ሰጠችኝ። ከሰል፣ ማንቆርቆሪያ፣ ብርጭቆ፣ በንበር የሚሏቸውን ዝቅ ያሉ በጠፍር የተሠሩ መቀመጫዎች አበደረችኝ። ሐጃ ጠዋት የቤቱን ሥራ እንድጨርስና ከሰዓት በኋላ እንድሄድ ፈቀዱ። ሴት ልጃቸው «የቤታችን ሠራተኛ ገበያ ላይ ሻይ ስትሸጥ ሰው ምን ይለናል?» ስትል ሐጃ «ስኳር ጨምሪ ይለናል» አሏት።

የመጀመሪያው ቀን እንዴት እንዳለፈ ባልናገር ይሻለኝ ነበር። ሰው እንደ ጎርፍ ያልፋል። እኔ ማንቆርቆሪያው ኋላ ተቀምጬ «ሻይ» እላለሁ፤ ማንቆርቆሪያው ከእኔ የበለጠ ይጮኻል። አንድ ሰውዬ ቆም ብሎ አየኝና ደስ አለኝ፤ ለካ «አሞሻል እንዴ?» ሊለኝ ነው። ወዳጄ ከመደዳው ማዶ «ለማን ነው የምትነግሪው? ለከሰሉ?» ብላ ትጮኽብኛለች። የሞላሁትን ውኃ እንደ ሞላ መለስኩት።

ሐጃ የዚያን ዕለት ማንቆርቆሪያውን በእጃቸው መዘኑት። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቀና ስል ነጭ ቶብ በሰው መሀል እየሰነጠቀ ይመጣል፤ ሁለቱ ልጆች ግራና ቀኝ ተንጠልጥለዋል። ሐጃ በንበሩን አየት አደረጉት፤ ካፉሪ ውስጥ እንደዚያ ዝቅ ያለ ነገር ላይ ተቀምጠው አያውቁም። ጉልበታቸው እየተንቋቋ ተቀመጡ።

«አንድ ሻይ፣ አንድ ስኳር» አሉ። ስቀዳላቸው ገንዘብ አወጡ። እንዴት አድርጌ ልቀበላቸው? «ተቀበይ!» አሉኝ። «ያልከፈለ ደንበኛ አይባልም። እኔ ውሸት ውስጥ አልገባም አልኩ።» ከዚያ ቀመሱና «ቀጥኗል» አሉ።

ከዚያ ዞር ብለው ገበያውን ማስተማር ጀመሩ።

«አንተ! አዎ አንተ፣ ባለ ቦርሳው። በዚህ ፀሐይ ወዴት ነው የምትሮጠው? ና ቁጭ በል።»

ሰውየው መጥቶ ቁጭ አለ። ለምን እንደተቀመጠ ራሱም የገባው አይመስለኝም። የሐጃ ድምፅ የሰውን ጉልበት በራሱ ያጥፋል። ጥቂት ቆይቶ ጢሙ የሸበተ ጎልማሳ ሲያልፍ አያቸውና ሲጋራውን ከኋላው ደበቀ። ለካ ልጅ ሳለ አስተምረውታል። «ትጠጣለህ» አሉት፤ ጠጣ። «እናትህ ደህና ናት?» አሉት። በማግስቱ ጓደኞቹን ይዞ መጣ። በዘይት የጠበስኩትን የሊጥ ጣፋጭ፣ ዘላቢያዬን ሲቀምሱ ደግሞ ሐጃ ባይኖሩም መምጣት ጀመሩ።

እኔም ቀስ በቀስ የራሴን ዘዴ አገኘሁ። መናገር ስለማልችል ስኳራቸውን በቃሌ ያዝኩ። የሚኒባሱ ረዳት ሦስት ማንኪያ፣ ጫማ ሰፊው ያለ ስኳር፣ ባለ ቦርሳው ሁለት ሆኖ ከአዝሙድ ጋር። ሰውየው ገና ከሩቅ ሲመጣ እቀዳና ሲቀመጥ እሰጠዋለሁ፤ እሱም ሳይጠይቅ ይጠጣል፣ እኔም ሳልናገር እሸጣለሁ። «ከዝምተኛዋ ጋ እንገናኝ» ይባባሉ ጀመር። ሐጃ ይኼን ሲሰሙ «በትምህርት ቤቴ ብትሆኚ ኖሮ ሽልማት እሰጥሽ ነበር» አሉ፤ ወዲያው «ሻዩ ግን ቀጥኗል» አስከተሉ።

ብርዱ ሲገባ ልጄን እንደገና ሳንባዋን ያዛት። ሆስፒታል ተኛች። የሐጃ የመጨረሻ አምባር ያኔ ሄደ። ሐኪሙ ደረቷን ሲያዳምጥ ቆየና «ካርዱስ?» አለኝ። እየጠበቅን ነው አልኩት። «ብዙ አትጠብቁ» አለ፤ እንደ ወትሮው ብዕሩን አላንከባለለም። ከዚያ በኋላ ገበያ ስወጣ ልጄን ከጎኔ፣ ነፋስ በማያገኛት በኩል፣ ምንጣፍ ላይ አስቀምጣት ጀመር። የማላውቀው ሰው ሻይ ባዘዘ ቁጥር ተቆጣጣሪው ይሆን እያልኩ ስንቱን ሰላማዊ ሰው በፍርሃት ሁለት ጊዜ ስኳር አድርጌበታለሁ።

በመጣ ቀን ግን ምንም አልጠረጠርኩም። ነጠላ ጫማ ያደረገ፣ እንቅልፍ ያልጠገበ የሚመስል ሰው ነው። ሻዩን አዘዘ፣ ጠጣ፣ ጫማ ሰፊውን አዋራው፣ ባለ ቦርሳውን አዋራው። ከዚያ ከኪሱ ወረቀት አወጣና ወደ እኔ ዞረ።

«ከማኅበሩ ነኝ። ሥራሽ ምንድነው?»

ቃሉ አልወጣም አለኝ። እንደ ልማዴ ሐጃን አየሁ። ሐጃ እዚያው በንበሩ ላይ ናቸው። አፋቸው ተከፈተ። ከዚያ ዘጉት። እሳቸው ከመለሱልኝ የሳቸው ሠራተኛ እንጂ ሻይ ሻጭ እንደማልባል ገብቷቸዋል። የቶባቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከትተው ነከሱት። በሕይወታቸው ሙሉ መልሱን እያወቁ ዝም ያሉት ያን ጊዜ ብቻ ይመስለኛል፤ ከእኔ ይልቅ የታመሙት እሳቸው ነበሩ።

ልጄ ምንጣፉ ላይ ሆና በአፏ ትተነፍሳለች። አየኋት።

«ሻይ ሻጭ ነኝ!» አልኩ።

ለካ ድምፄን ልኩን አላውቀውም ኖሯል። የጫማ ሰፊው መዶሻ ከእጁ ወደቀ። ሚኒባስ የሚጠብቁ ሁለት ሴቶች ዞረው አዩኝ። ከመደዳው ማዶ ወዳጄ «ወይ ጉድ! ድምፅ አላት እኮ!» ብላ አጨበጨበች። እኔም አንዴ ከወጣልኝ ብዬ ተቆጣጣሪውን «ስንት ስኳር?» ብዬ ጮኽኩበት፤ ሻዩን ጠጥቶ ጨርሶ ነበር።

ሰውየው ብርጭቆውን አስቀመጠና ጻፈ። «ልጆችሽ ስንት ናቸው?»

«አንዲት።»

ልክ ያን ጊዜ የሐጃ የልጅ ልጅ ከዛፉ ኋላ ብቅ አለ፤ አፉ እስከ ጆሮው የዘላቢያ ዘይት ነው። «ዩማ፣ ሌላ ስጪኝ!» አለኝ።

ተቆጣጣሪው ሳቀ። «ይኼስ? ሁለት ናቸው እንጂ። አትፍሪ፣ ሁለቱንም እጽፍልሻለሁ።»

ከዚህ በኋላ ሐጃን ማን ይይዛቸዋል? የቶቡን ጫፍ ተፉት። «እንዳትጽፈው! የጡት ነው፣ ወተት ብቻ ነው። ወተት ለመድን አይሠራም ብላችሁ ከመስኮት መልሳችሁኛል፤ ለእኔ ያልሠራ ለእሷም አይሠራም!»

«እርስዎ ደግሞ ማን ነዎት?»

«ደንበኛ። የምከፍል ደንበኛ ነኝ። ሻይዋ ቀጭን ነው፤ ይኼንንም ጻፍ።»

ተቆጣጣሪው አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አየ። ሐጃ የወተቱን ነገር ከመጀመሪያው ጀምረው፣ ጸሐፊውን እየመሰሉ፣ ሽማግሌውን እየመሰሉ፣ ልጁን እንደ ማስረጃ እያዞሩ ተረኩለት። ሰውየው ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ሳቀ። ሲሄድ ምን እንደጻፈ አልነገረንም። ወዳጄን ግን ሲያልፍ «ዝምተኛ ያላችኋት ይህቺን ነው?» አላት።

ካርዱ ወጣ። ልንቀበል ስንሄድ ያው ጸሐፊ ነበር፤ ሐጃን ሲያይ ሳይጠሩት ተነሥቶ ቆመ። ካርዱ ላይ የእኔ ፎቶ፣ ከሥሬ የልጄ አለ። እኔ የደነገጥኩ እመስላለሁ። እሷ በአፏ መተንፈሷ እንዳይታይ ይሁን በሌላ ምክንያት እንጃ፣ አፏን ጥብቅ አድርጋ ዘግታ ቀጥ ብላ ታያለች፤ ኩሩ ያልኳት ያን ያህል አልተሳሳትኩም።

ወረፋው ደርሶን ኦፕራሲዮኑ የተሠራ ዕለት ኮሪደሩ ላይ ከሐጃ ጋር ተቀመጥን። እኔ መጸለይ እንኳ አቃተኝ። ሐጃ ነርሶቹን ቀጥ ብላችሁ ሂዱ፣ በር ስትዘጉ አታንኳኩ እያሉ ይቆጡ ነበር። አንድ ጊዜ ግን ባዶ ክንዳቸውን ዘርግተው እጄን ያዙኝና «አብሽሪ» አሉኝ። እኛም ወሎ ስንባባል አብሽሪ ነው የምንለው። እዚያ ወንበር ላይ በየትኛው ቋንቋ እንዳጽናኑኝ አላውቅም።

ሐኪሙ ሲወጣ ፊቱን ለማየት ፈርቼ ጫማውን አየሁ። «ተዘግቷል» አለ።

ልጄ ካገገመች በኋላ አንድ ጠዋት ግቢ ውስጥ ለሁለቱም ወተት ቀዳሁላቸው። እሱ የራሱን እንደ ልማዱ በአንድ ትንፋሽ ጨርሶ እጁን ዘርግቶ አጠገቧ ቆመ። ሁልጊዜ እንዲህ ነበር፤ እሷ ግማሽ ላይ ይደክማትና ትሰጠዋለች። ያን ቀን ጠጣች። ቀጠለች። ብርጭቆው እየተነሣ ፊቷን ሸፈነ። እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነበር፤ እርጥቡ ልብስ እጄ ላይ ቀረ። ግንባሯን አየሁት፤ ደረቅ ነው።

ብርጭቆውን አወረደች፣ ከንፈሯን ላሰች፣ ከዚያ ብርጭቆውን ወደ ታች ገልብጣ አሳየችው። «አለቀ» አለችው።

ልጁ መጀመሪያ አላመነም። ብርጭቆውን ተቀብሎ ውስጡን አየ። ከዚያ ሕፃን ሳለ ጡጦ እንደተፋበት ጊዜ ቤቱን እስኪያናውጥ አለቀሰ። እናቱ ምን ሆነ እያለች በሩጫ ወጣች፤ እኔም ሌላ ልቀዳለት ወደ ወጥ ቤት ሄድኩ።

ሐጃ ያለ አንዳች ኮሽታ ከኋላዬ መጥተው የወተቱን ጣሳ ከእጄ ወሰዱት።

«ተይው፣ ያልቅስ» አሉኝ፤ እሳቸውም ዓይናቸውን በቶባቸው ጫፍ እየጠረጉ።